ኢብኑል ሀይሰም፦ ዓይን እንዴት እንደሚያይ የመረመረው ዓሊም



አንድ ሕፃን በማታ ፎቶ ሲነሳ የካሜራው ፍላሽ ዓይኑ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ በፎቶው ላይ ሁለቱም ብሌኖች ቀላ ብለው ይታያሉ። አንዳንዴ ግን አንደኛው ብሌን ነጭ ሆኖ፣ እንደ ድመት ዓይን አብርቶ ይወጣል። ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ መብራቱ ነው ብሎ ያልፈዋል። ነጭ ብሌን የታየበት ልጅ ሁሉ በጠና ታሟል ማለት አይደለም። ነገር ግን ይህ ምልክት ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ የሚነሳው ከዓይን ጀርባ ከተነጠፈው ስስ ሽፋን፣ ከሬቲና ነው። የዓይን ሐኪም ዕጢውን የሚያየው በብሌኑ በኩል ብርሃን ወደ ውስጥ ልኮ፣ ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን በመቀበል ነው።

ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስለናል። ከ1000 ዓመት በፊት ግን ታላላቅ ሊቃውንት ዓይን ብርሃን ይቀበላል ወይስ ከራሱ ጨረር ይልካል በሚለው ጥያቄ እንኳ አልተስማሙም ነበር። በዚህ እትማችን የምናስታውሰው ይህን ጥያቄ በጨለማ ክፍልና በፋኖስ የፈተነውን ሰው፣ ኢብኑል ሀይሰምን ነው፤ አላህ ይዘንለት።

ልደቱና ዘመኑ

ሙሉ ስሙ አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም ይባላል። የተወለደው በ354 ዓመተ ሒጅራ (965 እ.ኤ.አ.) ገደማ በዒራቋ የበስራ ከተማ ነው። በስራ የወደብ ከተማ ነበረች፤ ከዚያም በላይ የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት፣ የዙህድ ሰዎችና የከላም ተከራካሪዎች የወጡባት የዒልም አገር ናት።

ኢብኑል ሀይሰም ሲወለድ የግሪክ የሒሳብ፣ የሕክምናና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ከተተረጎሙ ቆይተዋል። ስለ ዓይንም ብዙ ተጽፎ ነበር። በባግዳድ ይኖር የነበረው ክርስቲያኑ ሐኪም ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ በዘጠነኛው መቶ ዘመን ስለ ዓይን አሥር ክፍል ያለው መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በራሱ በኢብኑል ሀይሰም ዘመን ደግሞ ዐሊይ ኢብን ዒሳ የተባለው የባግዳድ የዓይን ሐኪም ወደ 130 የሚጠጉ የዓይን በሽታዎችን የሚዘረዝር መማሪያ ጽፏል። በካይሮ ዐማር ኢብን ዐሊይ አል-መውሲሊ የዓይን ሞራን ክፍት በሆነ ቀጭን መርፌ መጥጦ ያወጣ ነበር። እነዚህ ሐኪሞች ከሓል ይባሉ ነበር።

ኢብኑል ሀይሰም ከሓል አልነበረም። የሒሳብና የፊዚክስ ሰው ነበር። ስለዚህ ወደ ዓይን የመጣው ከበሽታው ወገን ሳይሆን ከጥያቄው ወገን ነው። ጥያቄውም፣ አንድን ነገር ስናይ በዓይናችንና በነገሩ መካከል የሚሆነው ምንድን ነው? የሚል ነበር።

ዓባይን ለመቆጣጠር

ከሕይወቱ ታሪክ በሰፊው የሚነገረው የዓባይ ነገር ነው። በ1248 እ.ኤ.አ. የሞተው ታሪክ ጸሐፊ ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገበው፣ ኢብኑል ሀይሰም ግብፅ ብሆን ኖሮ የዓባይን ውኃ ሲሞላም ሲጎድልም እንዲጠቅም የሚያደርግ ሥራ እሠራ ነበር የሚል አሳብ ተናግሮ ነበር። ይህ ወሬ ግብፅን ይገዛ ከነበረው ከፋጢሚዩ ኸሊፋ ከአል-ሓኪም ጆሮ ደረሰ።

ነገሩ ለግብፅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ክረምቱ ሲዘንብ ዓባይ ግብፅ ላይ ይሞላ ነበር። ክረምታችን ካነሰ እዚያ ረሃብ ይሆን ነበር፤ ከበዛም ጎርፍ ይሆን ነበር። አል-ሓኪም ስለዚህ ገንዘብ ልኮ አስጠራው፤ ሲመጣም ከካይሮ ውጭ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው ይባላል። ከዚያም ግንበኞችና ሠራተኞች ተሰጥተውት ወንዙን ተከትሎ ወደ ደቡብ ወጣ።

በመንገዱ ላይ የጥንት ግብፃውያንን ሕንፃዎች አየ። ልካቸው የተጠበቀ፣ ሒሳባቸው የረቀቀ ነበር። ይህን ሲያይ ልቡ ተጠራጠረ፤ ይህን ያህል የሚያውቁ ሰዎች ወንዙን መቆጣጠር ቢቻል ኖሮ ከኔ በፊት አድርገውት ነበር ብሎ አሰበ። አስዋን አጠገብ ጀናዲል ከተባለው ፏፏቴ ደርሶ ቦታውን ሲመረምርም እንዳሰበው እንደማይሆን ተረዳ። ተመልሶም ለኸሊፋው አልቻልኩም አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰውየው ከሩቅ አገር በክብር ተጠርቷል፤ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ሠራዊት የሚያህል ሠራተኛ አስከትሏል። ቢዋሽ ወይም ሥራውን ጀምሮ ዓመት ቢያስቆጥር ለጊዜው ይተርፍ ነበር። እሱ ግን ያየውን ተናገረ። አሳቡ ከጊዜው ዐቅም በላይ እንደነበር በኋላ ታይቷል። በአስዋን የመጀመሪያው ዘመናዊ ግድብ ያለቀው በ1902፣ ታላቁ ግድብ ደግሞ በ1970 ነው።

በቤት ውስጥ የታሰሩ ዓመታት

አል-ሓኪም ዒልምን የሚያከብር፣ ቁጣው ግን የማይታወቅ ገዥ ነበር። በካይሮ መጻሕፍት የተሞላ የዒልም ቤት አቋቁሟል፤ በትንሽ ምክንያትም ሰው ያስገድል ነበር። ለኢብኑል ሀይሰም የመንግሥት ሥራ ሰጠው። እሱም ከፍላጎት ይልቅ በፍርሃት ተቀበለ። ነገ ምን ይደርስብኛል የሚለው ስጋት ሲበዛበት ያበደ መስሎ ታየ። እንደ ኢብኑል ቂፍጢ ትረካ ንብረቱ ተወርሶ፣ ጠባቂ ተሹሞበት፣ ቤቱ ውስጥ ተዘጋበት። በዚህ ሁኔታ አል-ሓኪም በ411 ዓመተ ሒጅራ (1021 እ.ኤ.አ.) ከዓለም እስኪለይ ቆየ። ሌላው ታሪክ ጸሐፊ አል-በይሀቂ ደግሞ ከግብፅ ወደ ሻም ሸሸ ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት፣ የዓባዩ ጉዳይ ሕይወቱን አደጋ ላይ እንደጣለ ነው።

አል-ሓኪም ከሞተ በኋላ እብደቱ ቀረ። ኢብኑል ሀይሰም በአዝሀር መስጂድ በር አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት መኖር ጀመረ። ከእንግዲህ የማንንም ገዥ እጅ ማየት አልፈለገም። ጽሕፈቱ ያማረ ስለነበር በየዓመቱ የኡቅሊዲስን የጂኦሜትሪ ኪታብ፣ የበጥለሚዩስን አል-መጀስጢንና በሁለቱ መካከል የሚማሩትን የሒሳብ ኪታቦች ይገለብጥ ነበር። ለነዚህ ቅጂዎች 150 የግብፅ ዲናር ይከፈለው ነበር፤ ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ክርክር የለውም። በዚያች ገንዘብ ዓመቱን ያሳልፋል። የቀረው ጊዜ ለጥናት ነበር። በ430 ዓመተ ሒጅራ (1040 እ.ኤ.አ.) ገደማ በካይሮ አረፈ።

እኛ በዶርማችን መብራት ጠፋ፣ ላይብረሪው ሞላ፣ ኪሳችን ባዶ ነው ብለን ጥናት ስንተው ይህችን የአዝሀር በር ቤት ብናስብ መልካም ነው።

ኪታቡል መናዚር

ከኢብኑል ሀይሰም በፊት ስለ ማየት ሁለት ዋና አሳብ ነበር። ኡቅሊዲስና በጥለሚዩስ ጨረር ከዓይን ወጥቶ ነገሩን ይነካል ይሉ ነበር። አሪስጣጣሊስና ተከታዮቹ ደግሞ የነገሩ ምስል ወደ ዓይን ይመጣል ይሉ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥሩ ሒሳብ ነበራቸው፤ ሁለተኞቹ ለእውነት የቀረበ አሳብ ነበራቸው፤ ሒሳብ ግን አልነበራቸውም።

ኢብኑል ሀይሰም ሁለቱን አገናኘ። ሰባት ክፍል ባለው ኪታቡል መናዚር፣ ማለትም የእይታ ኪታብ፣ ማንም ሊሞክረው ከሚችል ነገር ጀመረ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑን ያመዋል። በጣም የሚያበራ ነገር አይቶ ዓይኑን የጨፈነ ሰው የዚያ ብርሃን ቅርፅ ለጥቂት ጊዜ አብሮት ይቆያል። እንግዲያው ብርሃኑ ዓይን ላይ አንድ ነገር እያደረገ ነው፤ የሚመጣውም ከውጭ ነው። የሚበራ ነገር ከእያንዳንዷ ነጥቡ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑም ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል።

ታዲያ ከብዙ ነገር የሚመጣ ብርሃን በአንዲት ጠባብ ብሌን ሲገባ ለምን አይደባለቅም? ይህን ለማወቅ የጨለማ ክፍል ተጠቀመ። ከክፍሉ ውጭ በተለያየ ቦታ ብዙ መብራት አስቀመጠ፤ ብርሃኑ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ በኩል ይገባል። በውስጥ ያለው ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንዱ መብራት ሲሸፈን የሱ ነጥብ ብቻ ይጠፋል፤ ሲገለጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብርሃኖቹ በአንድ ቀዳዳ አልፈው እንኳ አልተደባለቁም።

ይህን ዓይነቱን ሙከራ ኢዕቲባር ብሎ ይጠራው ነበር። ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው መሣሪያውን፣ ልኩን፣ ርቀቱን እየዘረዘረ ይጽፋል። በቤተ ሙከራ ሪፖርት የምንጽፍ ተማሪዎች ይህን አሠራር በደንብ እናውቀዋለን።

ኪታቡ የዓይንን አሠራርም ይገልጻል። ከጋሊኖስ ጀምሮ ሐኪሞች የደረሱበትን ሽፋንና ፈሳሽ ሁሉ ቅርፁን በጂኦሜትሪ አስቀምጦ ያስረዳል። ከእጃችን ከደረሱት ቅጂዎች አንዱን በ1083 እ.ኤ.አ. በበስራ የገለበጠው የልጁ ባል ነው፤ በዚያ ቅጂ ውስጥ የሁለቱ ዓይኖችና ወደ አንጎል የሚሄዱ ነርቮቻቸው ሥዕል ይገኛል።

ዐረቦቹ ሐኪሞች ከዓይን ጀርባ ያለውን ሽፋን ሸበኪያ፣ መረብ መሰል፣ ይሉት ነበር። ላቲኖች ይህንኑ ትርጉም ወስደው ሬቲና አሉት። ዛሬ በሬቲኖብላስቶማ ስም ውስጥ ያለችው ሬቲና በዚህ መንገድ የመጣች ናት።

የተሳሳተበት ቦታ

ስለ ሙስሊም ሊቃውንት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ስሕተታቸውን አናነሳም። ኢብኑል ሀይሰምን ግን ያለ ስሕተቱ መረዳት አይቻልም።

እሱ ብርሃንን የሚቀበለው የዓይን ክፍል መሀል ላይ ያለው እንደ በረዶ የጠራ አካል፣ ዛሬ ሌንስ የምንለው ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህ ከጋሊኖስ የወረሰው አሳብ ነው። ምስሉ እስከ ሬቲና ቢደርስ ተገልብጦ ያርፋል፤ እኛ ግን ነገሮችን ተገልብጠው አናያቸውም። ይህ ስላስቸገረው ማየት ሌንሱ ላይ ይጀምራል ብሎ ተወው። እውነቱ ግን ምስሉ በርግጥ ተገልብጦ ሬቲና ላይ ማረፉ ነው። ያንን የሚያቃናው አንጎል ነው።

ስሕተቱን ያረሙት ኪታቡን ያነበቡ ሰዎች ናቸው። መጽሐፉ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወይም በአሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ ወደ ላቲን ተተርጉሞ፣ ደራሲው አልሀዘን በሚል ስም በአውሮፓ ታወቀ። በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ። ይህን እትም ያነበበው ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 ምስሉ የሚያርፈው ሬቲና ላይ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። በሙስሊሙ ዓለም ግን ኪታቡ ለረጅም ጊዜ ብዙ ተከታይ አላገኘም። ወደ 300 ዓመት ገደማ ቆይቶ በፋርስ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ ሰፊ ማብራሪያ ጻፈለት፤ በውኃ በተሞላ የብርጭቆ ኳስ ሙከራ አድርጎም ቀስተ ደመና እንዴት እንደሚሠራ አብራራ።

ኢብኑል ሀይሰም እንዲህ መታረሙን የሚቃወም አይመስለንም። በበጥለሚዩስ ላይ ባነሳቸው ጥርጣሬዎች ኪታብ ውስጥ የእውነት ፈላጊ የቀደሙትን ሰዎች ጽሑፍ በስማቸው ትልቅነት ብቻ መቀበል እንደሌለበት፣ በማስረጃ መፈተን እንዳለበት ያስተምራል። ፈታኙም የራሱን አሳብ መጠርጠር አለበት ይላል። ፍጹምነት የአላህ ብቻ መሆኑን የሚያምን ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ከኪታቡ እስከ ዛሬው የዓይን ካንሰር ምርምር

ብርሃን ከውጭ ገብቶ ሬቲና ላይ እንደሚያርፍ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ፣ ሐኪም ሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲናውን እንዴት ያያል? የሚል ነበር። በ1809 የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ዋርድሮፕ ይህን የሕፃናት ካንሰር ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ገለጸ፤ ዓይኑ በጊዜ ቢወጣ ልጁ ሊተርፍ እንደሚችልም አሳሰበ። በ1851 ሄርማን ሄልምሆልትዝ ብርሃን ወደ ብሌን ልኮ ተመላሹን የሚያሳይ የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ ዕጢው ሳያድግ ሊታይ ቻለ።

ሬቲኖብላስቶማ ብርቅ በሽታ ነው፤ ከ16,000 እስከ 18,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ይይዛል፤ አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ቢሆንም ለካንሰር ዕውቀት ሁሉ በር ከፍቷል። በ1971 አልፍሬድ ክኑድሰን 48 ታማሚዎችን መርምሮ፣ ካንሰሩ የሚነሳው በአንድ ሴል ውስጥ ሁለት ጉዳት ሲደርስ ነው የሚል አሳብ በሒሳብ አቀረበ። አንዳንድ ልጆች የመጀመሪያውን ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፤ ስለዚህ በልጅነታቸው፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ዓይን ይታመማሉ። በ1986 አርቢ1 የተባለው ጂን ተለይቶ ሲወጣ አሳቡ ተረጋገጠ። ዕጢ እንዳያድግ ከሚከላከሉ ጂኖች በዚህ መልክ ተለይቶ የወጣው የመጀመሪያው ይህ ነው።

ሕክምናውም ተለውጧል። ቀድሞ ዓይንን ማውጣት ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ጨረር መጣ። ጨረሩ ጉዳቱን ይዘው በተወለዱ ልጆች ላይ ኋላ ሌላ ካንሰር የማምጣት ዕድሉን እንደሚያሳድግ ሲታወቅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኬሞቴራፒ ቦታውን ያዘ። ዛሬ መድኃኒቱ ወደ ዓይን በሚሄደው የደም ሥር በኩል ወይም ወደ ዓይን ውስጥ በቀጥታ ይሰጣል። አዲሱ የምርምር አቅጣጫ ደግሞ ዕጢውን ሳይወጉ ከዓይን ፊት ካለው ፈሳሽ ጥቂት ወስዶ የካንሰሩን ዲኤንኤ ማንበብ ነው።

በሀብታም አገሮች ከ100 ሕፃናት ከ95 በላይ ይተርፋሉ። በድሃ አገሮች ግን እንዲህ አይደለም። በ2020 የታተመ፣ ከ153 አገሮች ከ4,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው በሀብታም አገሮች በሽታው የሚታወቀው ልጁ 14 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን 30 ወር ገደማ ላይ። በነዚህ አገሮች ከግማሽ ብዙ በማይርቅ ቁጥር ሕፃናቱ የደረሱት ካንሰሩ ከዓይን ውጭ ከወጣ በኋላ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች እንዲህ ሆነው የደረሱት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም። የዚህ ልዩነት ትልቁ ክፍል የ16 ወር መዘግየት ነው።

ለኛ የሚቀረን

የቀደሙ ዓሊሞቻችንን ስም ጠርቶ መኩራት ቀላል ነው። ኢብኑል ሀይሰም ግን የተወልን ሥራ ነው። ዓባይ ላይ የማይችለውን አልችልም ብሏል፤ በአንዲት ጠባብ ቤት ለዓመታት ተምሯል፤ የታላላቆችን ቃል በሙከራ ፈትኗል፤ ስሕተቱንም ለሚያርመው ሰው በሚገባ ግልጽ መንገድ ጽፎ ትቶታል። ሌሎች አንብበው አረሙት፤ ከዚያ በላይም ሄዱ። ከኛ መካከል ሕክምና፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ ወይም ኮምፒውተር የሚያጠኑ አሉ። ሰንሰለቱ ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልገው በአዝሀር በር የነበረው ዓይነት ትዕግሥት ነው።

ዛሬውኑ ልናደርገው የምንችለውም አለ። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ የትናንሽ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን፣ የጎረቤት ልጆችን ዓይን እናስተውል። በፎቶ ላይ ደጋግሞ አንድ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ወይም ልጁ ዓይኑ መንሸዋረር ከጀመረ፣ እስኪያድግ እንጠብቅ ሳይባል ወደ ዓይን ሐኪም እንዲወሰድ እንንገር። ሕመሙ ሌላ ሆኖ ቢገኝ አልሐምዱሊላህ፤ የከሰርነው የመንገድ ድካም ብቻ ነው። ካንሰር ሆኖ በጊዜ ቢደረስበት ግን የአንድ ሕፃን ሕይወት ነው።

አላህ ለኢብኑል ሀይሰም ይዘንለት፤ ለኛም የሚጠቅም ዒልም ይስጠን። ኣሚን።